ፍትወት በሸንጎ ፊት

«ሴትና ወንድ እሳትና ጭድ ናቸው» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ነገር ሳይነግረን ያልፋል። እሳቱ ማነው? ጭዱስ? ቤት ሲቃጠል የሚጠየቀው ማነው? በየመንደሩ የምንሰማው መልስ የታወቀ ነው። አጥፊው «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» ይላል። ትንሽ መጽሐፍ የቀመሰ ከሆነ ደግሞ «ሥጋ ለባሽ አይደለሁ? ሥጋዬ አሸነፈኝ» ይላል። ጎረቤት በበኩሉ «እሷስ በዚያ ሰዓት ምን ልታደርግ ሄደች?» ብሎ ይጠይቃል። እንግዲህ ሰይጣን ተከሰሰ፤ ሥጋ ተከሰሰ፤ ሴቲቱም ተከሰሰች። ስሙ ሳይጠራ የቀረው የሰውዬው ፈቃድ ብቻ ነው።

ይህ አከሳሰስ ትናንት የተጀመረ አይደለም። ብዙዎቻችን ክርስትና ስለ ፍትወተ ሥጋ ከጥንት ጀምሮ አንድ ቃል ብቻ የተናገረ ይመስለናል። ታሪኩን የገለጠ ሰው የሚያገኘው ግን ብርቱ ሙግት ነው። በ4ኛውና በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ታላላቅ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ፍትወትን ሸንጎ ፊት አቁመው ተከራክረውበታል። ጥፋቱ የሚጀምረው ከሥጋ ነው? ከልደት ነው? ወይስ ከፈቃድ? ከዚያ ሙግት የወጣው ፍርድ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በኋላ ዛሬም በጓዳችን ይሠራል። ሙግቱን ከመነሻው እንከተለው። (ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የበረሃው ትምህርት

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግብፅ በረሃ በመነኮሳት ተሞላ። የመነኮሳት አባት የሚባሉት አባ እንጦንስ በ356 ሲያርፉ የመቶ አምስት ዓመት ሽማግሌ እንደነበሩ የሕይወት ታሪካቸውን የጻፈው ቅዱስ አትናቴዎስ ይነግረናል። እሳቸውን ተከትለው ከከተማ የወጡት ሰዎች በረሃ ሲገቡ አንድ ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። ሴት በሌለችበትም ፍትወት አለ። እህል ቀነሱ፤ እንቅልፍ አጡ፤ መሬት ላይ ተኙ፤ ሐሳቡ ግን በአታቸው ድረስ ተከትሏቸው ገባ።

እርግጥ በመነኮሳቱ ተረኮች ውስጥ ሰይጣን በሴት አምሳል የሚመጣባቸው ታሪኮች ሞልተዋል። ነገሩን በጥልቀት የመረመሩት ግን ትግሉ ከሴት ጋር እንዳልሆነ ገብቷቸው ነበር። ከእነዚህ አንዱ ኢቫግርዮስ ነው። ይህ ሰው በቁስጥንጥንያ ስመ ጥር ዲያቆን ሳለ ከአንዲት ባለትዳር የመኳንንት ወገን ጋር ፍቅር ያዘው። በ382 ገደማ ከተማውን ጥሎ ወደ ኢየሩሳሌም ሸሸ። እዚያ ታሞ ተኝቶ ሳለ ሚስጥሩን አውጥታ እንዲመነኩስ የመከረችው ሜላንያ የተባለች ሴት ነበረች። አስተውሉ፤ ከአንዲት ሴት ፍቅር የሸሸው ሰው መንገዱን ያገኘው በሌላ ሴት ምክር ነው። ከዚያም ወደ ግብፅ በረሃ ገብቶ እስከሞተበት እስከ 399 ድረስ የሰውን ሐሳብ እንደ ሐኪም ሲመረምር ኖረ።

ኢቫግርዮስ ሰውን የሚፈትኑ ስምንት ሐሳቦችን ቆጠረ። ሆዳምነት፣ ዝሙት፣ ገንዘብ መውደድ፣ ኀዘን፣ ቁጣ፣ ስልቹነት፣ ከንቱ ውዳሴ፣ ትዕቢት። ዝሙት ከስምንቱ አንዱ ነው እንጂ የስምንቱ ንጉሥ አይደለም። ከሁሉም የሚበልጠው ቁም ነገር ደግሞ ይህ ነው። ኢቫግርዮስ እንዳስተማረው ሐሳቡ መምጣት አለመምጣቱ በእጃችን አይደለም፤ መጥቶ እንዲሰነብት ማድረግ አለማድረግ ግን የእኛ ነው። እንግዳው ደጃፍ ላይ ስለቆመ ባለቤቱ አይወቀስም። የሚወቀሰው አስገብቶ መደብ ሲያነጥፍለት ነው። ትምህርቱን ዮሐንስ ካስያኖስ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሮሙ ሊቀ ጳጳስ ጎርጎርዮስ ዝርዝሩን አሻሽሎ ዛሬ «ሰባቱ ዋና ዋና ኃጢአቶች» የሚባሉት ከዚያ ተገኙ።

በረሃው የወንዶች ብቻም አልነበረም። ሳራ የተባለች መናኝ ከዝሙት ሐሳብ ጋር አሥራ ሦስት ዓመት እንደታገለች የአበው ዜና ይናገራል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ትግሉ እንዲቆምላት አልጸለየችም፤ የለመነችው ኃይልን ነው። ይህች አጭር ታሪክ ብዙ ነገር ታፈርሳለች። ሴት ፈታኝ ብቻ ሳትሆን እንደ ወንዱ ተፈታኝ፣ እንደ ወንዱም ታጋይ መሆኗን ትመሰክራለችና።

እኛ ሙሴ ጸሊም የምንላቸውን አባት ታሪክም ብዙ አንባቢ ያውቀዋል። የግሪክ ጸሐፊዎች «ኢትዮጵያዊ» ይሏቸዋል፤ በዚያን ዘመን ቃሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያሉትን ጥቋቁር ሕዝቦች ሁሉ ይጨምር ነበር። መጀመሪያ ባሪያ፣ ቀጥሎ ሽፍታ፣ በመጨረሻም በአስቄጥስ በረሃ መነኩሴ ሆኑ። አንድ ጊዜ የፍትወት ሐሳብ ቢያስጨንቃቸው ወደ አባ ኢሲዶሮስ ሄደው «በአቴ ልመለስ አልችልም» አሉ። ሽማግሌው አልተቆጡም፤ «እንዴት እንዲህ ታስባለህ?» ብለውም አላሳፈሩም። ሰገነት ላይ አውጥተው በምዕራብ የሚታወኩትን የአጋንንት ሠራዊት፣ በምሥራቅ ደግሞ ከእነሱ የሚበዙትን የመላእክት ሠራዊት አሳዩአቸው። አባ ሙሴም ተጽናንተው ተመለሱ። በበረሃ ሐሳቡ የመጣበት ሰው ተዋጊ እንጂ ወንጀለኛ አልነበረም።

ስሟ ያልተጻፈው ሴት

አሁን ከግብፅ በረሃ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ አልጄሪያ ወደምትባለው አገር እንለፍ። አውግስጢኖስ በ354 ታጋስቴ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ፓትሪክዮስ ያልተጠመቀ ሰው ነበር፤ የተጠመቀው ሊሞት ሲል ነው። እናቱ ሞኒካ ብርቱ ክርስቲያን ነበረች። ልጁ ትምህርት ገፋና ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው አንዲት ዕቁባት ያዘ። በ372 ገደማ ወንድ ልጅ ወለደችለት፤ ስሙንም አዴዎዳጦስ፣ የእግዚአብሔር ስጦታ፣ አሉት። ወደ አሥራ አራት ዓመት አብረው ኖሩ። አውግስጢኖስ ለእሷ ታማኝ እንደነበረ ራሱ መስክሯል።

በ385 ሚላኖ ውስጥ የንግግር ጥበብ መምህር ሆኖ ትልቅ ሹመት ሲጠብቅ እናቱ መጣችና ነገሩ ተለወጠ። ለሹመት የምትመች፣ ወገን ያላት ሚስት ያስፈልገዋል ተባለ። ሚስት ተፈለገች፤ ተገኘችም። እጮኛይቱ በሕጉ ለማግባት ሁለት ዓመት የሚቀራት ልጅ ነበረች። ዕቁባቲቱ እንቅፋት ሆነችና ወደ አፍሪካ ተመለሰች። ስትሄድ ሌላ ወንድ ላለማወቅ ተሳለች፤ ልጇንም ለአባቱ ትታ ሄደች። አውግስጢኖስ ልቡ እንደቆሰለ ጽፏል። ይሁንና ሁለት ዓመት መጠበቅ አቅቶት ሌላ ሴት ያዘ። በወጣትነቱ ንጽሕናን ሲለምን ልመናው ቶሎ እንዳይሰማ ይፈራ እንደነበርም ራሱ ተናዟል።

በ386 ሕይወቱ ተለወጠ። እጮኛይቱንም፣ ሁለተኛይቱን ሴትም፣ ሹመቱንም ተወ። በ387 ፋሲካ በአምብሮስዮስ እጅ ተጠመቀ፤ ልጁም አብሮት ተጠመቀ። ብዙም ሳይቆይ ልጁ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ገደማ ሞተ። አውግስጢኖስ ወደ አገሩ ተመልሶ የሂፖ ኤጲስ ቆጶስ ሆነ፤ በ397 ገደማም «ኑዛዜ» የተባለውን መጽሐፉን መጻፍ ጀመረ። በዚያ መጽሐፍ የእናቱ ስም አለ፤ የልጁ ስም አለ፤ የወዳጆቹ ስም አለ። የዚያች ሴት ስም ግን የለም። ስሙን የተወው ሊጠብቃት ይሁን ሊረሳት፣ አንባቢ የመሰለውን ይገምት። ከሁለቱ ስእለቱን ያለ ማመንታት የተሳለችው ግን እሷ ናት።

የማይታዘዝ አካል

አውግስጢኖስ በወጣትነቱ ዘጠኝ ዓመት የማኒ ተከታይ ነበር። ማኒያውያን ሥጋ የክፉ ኃይል ሥራ ነው ይላሉ። ክርስቲያን ከሆነ በኋላ ይህን አጥብቆ ተቃወመ። በእሱ ዘመን ሮም ውስጥ ዮቪንያኖስ የተባለ መነኩሴ ድንግልና ከጋብቻ አይበልጥም ብሎ በማስተማሩ በ393 ገደማ ተወግዞ ነበር። ሊቁ ሄሮኒሞስ ዮቪንያኖስን ሲመልስ ጋብቻን እጅግ ስላዋረደ ወዳጆቹ እንኳ ደነገጡ። አውግስጢኖስ ግን በ401 ገደማ ስለ ጋብቻ መልካምነት ጽፎ መሐል መንገድ ያዘ። ልጅ፣ መተማመን፣ የማይፈታ ቅዱስ ማሰሪያ፤ እነዚህ የጋብቻ ሦስት በጎ ነገሮች ናቸው አለ። ስለዚህ «አውግስጢኖስ ሥጋን ይጠላ ነበር» ብሎ በአንድ ቃል መዝጋት ፍርደ ገምድልነት ነው።

የእሱ ጥያቄ ሌላ ነበር። እጄን ተነሺ ስላት ትነሣለች፤ እግሬን ሂድ ስለው ይሄዳል፤ የፍትወት አካል ግን ሲሉት እምቢ፣ ሳይሉት እሺ የሚለው ለምንድነው? የአዳም የመጀመሪያ ኃጢአት እንደ አውግስጢኖስ አስተሳሰብ ትዕቢት ነው፤ አለመታዘዝ ነው። ቅጣቱም በአምሳያው መጣ። ለፈጣሪው አልታዘዝ ያለ ሰው የገዛ አካሉ አልታዘዝ አለው። በገነት ቢቆዩ ኖሮ አዳምና ሔዋን ሩካቤ ይኖራቸው ነበር፤ ነገር ግን አካላቸው ያለ ትኩሳት፣ እንደ እጅና እንደ እግር ይታዘዛቸው ነበር ይላል። ለዚህም ማስረጃ ብሎ «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው መጽሐፉ ጆሯቸውን እንደፈለጉ የሚያንቀሳቅሱ ሰዎችን ይጠቅሳል። አንባቢ ፈገግ ይል ይሆናል፤ ሰውዬው ግን ከልቡ ነው።

እስከዚህ ድረስ አስተሳሰቡ የሰውን ልጅ መከፋፈል በትክክል ያየ ነው። ከባዱ ቀጣዩ እርምጃ ነው። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት 5ኛ ምዕራፍ ቁጥር 12 ላይ ሞት በሁሉ እንደደረሰ ይናገራል። ግሪኩ የሚሰጠው ፍቺ «ሁሉ ስለበደሉ» የሚል ነው፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የምናነበውም ይህንኑ ነው። አውግስጢኖስ የተጠቀመበት የላቲን ትርጉም ግን «በእርሱ ሁሉ በደሉ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል፤ እሱም እንዲሁ አነበበው። እንግዲያስ የሰው ዘር ሁሉ በአዳም ውስጥ ሆኖ በድሏል፤ በደሉም ፍትወት ባለበት ሩካቤ ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል አለ። ሕፃን ሳይጠመቅ ቢሞት ቅጣቱ ከሁሉ የቀለለ ቢሆንም ከኩነኔ አይድንም። በዚህ እርምጃ ክሱ ከፈቃድ ወደ ልደት ተዛወረ።

የዩልያኖስ ሙግት

ይህን የተቃወመው በእድሜ ልጁ ሊሆን የሚችል ሰው ነበር። ዩልያኖስ በጣልያን አገር የኤጲስ ቆጶስ ልጅ ነው፤ ያገባውም የኤጲስ ቆጶስ ልጅ ነው። በ416 ገደማ ኤክላኑም የምትባል ከተማ ኤጲስ ቆጶስ ሆነ። በ418 ንጉሠ ነገሥት አኖርዮስ ጴላግዮስንና ተከታዮቹን የሚያወግዝ አዋጅ አወጣ። ጴላግዮስ ሰው በፈቃዱ መልካሙን መምረጥ ይችላል የሚል መምህር ነበር። በዚያው ሰሞን በካርታጎ የተሰበሰቡ የአፍሪካ ጳጳሳት ትምህርቱን አወገዙ፤ መጀመሪያ አመንትቶ የነበረው የሮም ሊቀ ጳጳስ ዞሲሞስም ተከተለ። ሁሉም ይፈርም ተባለ። ዩልያኖስና ወደ አሥራ ስምንት የሚጠጉ የጣልያን ጳጳሳት አንፈርምም አሉ። ከመንበራቸውም ተባረሩ።

የዩልያኖስ መከራከሪያ ግልጽ ነው። ፍትወት እንደ ረኃብ የተፈጥሮ ነው፤ የሰጠውም ፈጣሪ ነው። በልኩ ሲሆን መልካም ነው፤ ኃጢአቱ ማብዛቱ ነው። በላተኛ ሆዳም ስለሆነ ረኃብን ማን ይከሳል? እንስሳትም ፍትወት አላቸው፤ እነሱስ በማን በደል ነው? ጻድቅ ዳኛ አባት በበላው ዕዳ የአንድ ቀን ሕፃን አስሮ ይቀጣል? ከዚያም በጣም የሚያቆስለውን ቃል ጨመረ። አውግስጢኖስ የማኒን ሃይማኖት ከአፉ እንጂ ከልቡ አላወጣውም አለ።

አውግስጢኖስም የዋዛ ተሟጋች አልነበረም። ሕፃናት ንጹሐን ከሆኑ በጻድቅ አምላክ ዓለም ዕውር ሆነው የሚወለዱት፣ በደዌ የሚሠቃዩት ለምንድነው ብሎ ጠየቀ። ይህ ጥያቄ ልጅ የቀበረ ወላጅ ሁሉ የሚጠይቀው ነው። ለዩልያኖስም ቀላል መልስ አልነበረውም። አንዱ የእግዚአብሔርን ፍርድ ንጹሕ ለማድረግ ሕፃኑን በደለኛ አደረገ፤ ሌላው ሕፃኑን ንጹሕ ሲያደርግ ሥቃዩን ሳያስረዳ ቀረ።

ሙግቱ በብራና ብቻ አልተካሄደም። ዩልያኖስ የአውግስጢኖስ ወዳጅ አሊጲዮስ ለቤተ መንግሥት ሰዎች ሰማንያ የኑሚድያ ፈረሶች በመማለጃ ወስዷል ብሎ ከሷል። አውግስጢኖስ ሐሰት ነው ብሎ መልሷል። ፈረሱ እውነትም ይሁን ሐሰት ነገሩን የቆረጠው የንጉሡ አዋጅ መሆኑ አይካድም። ዩልያኖስ በምሥራቅ አገሮች ሲንከራተት ኖረ፤ በቁስጥንጥንያ ከንስጥሮስ ዘንድ ተጠጋ፤ በ431 የኤፌሶን ጉባኤ ንስጥሮስን ሲያወግዝ የጴላግዮስንም ወገን አብሮ አወገዘ። አውግስጢኖስ ደግሞ ነሐሴ 28 ቀን 430 ቫንዳሎች ከተማውን ከበው ሳለ ዐረፈ። ጠረጴዛው ላይ የቀረው ለዩልያኖስ የሚጽፈው ያልተጨረሰ መልስ ነበር። የሚገርመው፣ የዩልያኖስ ቃል ለእኛ የደረሰው በአብዛኛው አውግስጢኖስ ሊያፈርሰው ብሎ ስለገለበጠው ነው።

በሮም የተደፈሩት ሴቶች

እዚህ ላይ አውግስጢኖስን ብንተወው ግማሹን ሰው ብቻ አየን ማለት ነው። ከዚህ ሙግት በፊት፣ በ410፣ የጎቶች ንጉሥ አላሪክ ሮምን ሦስት ቀን ዘርፏት ነበር። ብዙ ሴቶች ተደፈሩ፤ ከእነሱም መካከል ለምናኔ የተለዩ ደናግል ነበሩ። የሮም ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ሉክሬሲያን ያወድሱ ነበር። እሷ በንጉሥ ልጅ በተደፈረች ጊዜ ራሷን የገደለች ሴት ናት። እነዚህስ ለምን ራሳቸውን አልገደሉም የሚል ሹክሹክታ ተነሣ።

አውግስጢኖስ በ413 የጀመረው «የእግዚአብሔር ከተማ» በመጀመሪያው ክፍሉ ለዚህ መልስ ይሰጣል። ንጽሕና የልብ ነው። ፈቃዷ ያልተጨመረበት ሴት በሌላ ሰው ኃጢአት አትረክስም። ራሷን የምትገድልበትም ምክንያት የለም፤ ሉክሬሲያ ንጹሕ ከነበረች ለምን ተገደለች? ብሎ ይጠይቃል። እርግጥ ቀጥሎ ከእነዚህ ሴቶች አንዳንዶቹ በንጽሕናቸው ይኩራሩ ይሆናል የሚል ደግነት የጎደለው ቃል ጣል ማድረጉ አልቀረም። ዋናው ፍርድ ግን ጸንቶ ይኖራል። ይህ ፍርድ ከኢቫግርዮስ ደጃፍ ፍርድ ጋር አንድ ነው። ወንበዴ በር ሰብሮ ቢገባ ባለቤቱ አስተናገደው አይባልም።

እኛ ዘንድ

የግእዝ ክርስቲያናዊ መጻሕፍት በመጀመሪያ ከግሪክ፣ ኋላም ከዓረብኛ የተተረጎሙ ናቸው። ስለዚህ ወደ እኛ በሰፊው የገባው የግብፅ በረሃ ድምፅ ነው። የአበው ዜና በግእዝ ተነበበ፤ ሙሴ ጸሊም በስንክሳራችን ሰኔ 24 ቀን ይታሰባሉ። በላቲን የጻፈው አውግስጢኖስ ግን ሩቅ ጎረቤት ሆኖ ቆየ። ምዕራቡ ካህናቱን ከጋብቻ ሲለይ፣ የእኛ ቄስ ከክህነቱ በፊት አግብቶ ባለ ትዳር ሆኖ ይቀድሳል። በተክሊል ሙሽራውና ሙሽሪት ዘውድ ይደፋሉ። ጋብቻን እንደ ውርደት የሚያይ ሰው ዘውድ አይደፋበትም።

ታዲያ ይህን የመሰለ ቅርስ እያለን ክሱ ለምን ሥጋና ሴት ላይ ቀረ? ሊቃውንቱ ሁሉ ስላዘዙን አይደለም። ለአጥፊው ስለሚመች ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። የተደፈነው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ «ስሟ ጠፍቷልና ያግባት» የተባለላት ልጅ ስንት ናት? ስሙ መጥፋት የነበረበት የእሱ ሆኖ ሳለ! ከሮም ዝርፊያ ጥቂት ዓመት በኋላ የተሰጠው መልስ እኛ ዘንድ ሕግ ለመሆን ወደ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ፈጀበት። ሕጉ ቢለወጥም የጎረቤት ጥያቄ ገና አልተለወጠም።

ከዚህ ሁሉ ሙግት አንባቢ የፈለገውን ወገን ሊይዝ ይችላል። ከአውግስጢኖስ ጋር ሆኖ ፍትወት ቁስል ነው ሊል ይችላል፤ ከዩልያኖስ ጋር ሆኖ ረኃብ ነው ሊል ይችላል። እሱን ለየሃይማኖቱና ለየኅሊናው እንተወው። በአንድ ነገር ግን በረሃው፣ ዩልያኖስ፣ አውግስጢኖስም በደጉ ሰዓቱ ይስማማሉ። ፍትወት ስለመጣበት ማንም አይፈረድበትም፤ በግድ የተያዘችም አትፈረድባትም፤ የሚፈረደው እያወቀ የፈቀደው ነው። «ሰይጣን አሳስቶኝ» የሚለው ሰው በዚህ ሸንጎ ፊት ቢቀርብ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ደጃፉን ማን ከፈተለት?